ዘቅዝቀሽ የተከልሻቸው ፊደላት

መስከረም 9 ቀን

ለእህቴ የልጅ ልጅ፣ ለነጥቤ

ቀኑ አይክበድሽ፣ መንገዱ አይጥበብሽ፣ ያገሩ ሰው ፊት አይንሳሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ግን አትጠይቂኝ።

ይህን የሚጽፈው ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ቃሌን እንዳያሳምር አስምዬዋለሁ። አላሳምርም ብሏል፤ ሲል ግን አጎንብሶ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም።

ከሄድሽ ሦስት ወር ሞላሽ። ሥራ አገናኙ ቢሮ እየሄድኩ ደብዳቤ አልመጣም ወይ ስላቸው፣ አባት ይረጋጉ ይሉኛል። መቼ ተረበሽኩና ነው? ዋስሽ ስለሆንኩ መጠየቅ መብቴ ነው። ሥራው አልቋል እስክትባል ድረስ ትቆያለች፣ ሳትባል ትታ ብትወጣ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ያሉት የምኖርባቸው ሁለት ክፍሎች ለአገናኙ ይሆናሉ የሚለው ወረቀት ላይ አውራ ጣቴን ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊዋ በጥቂቱ ልትቀባኝ ስትል ተቆጥቻት እስከ አንጓዬ ነከርኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀለም ውስጥ የኖረ ጣት ፈዞ አይታተምም።

ሥራሽ የእንግሊዝኛ ቃላት መገልበጥ ነው ብለውኛል። ከሆነ በኔ መንገድ ሂጂ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት እንግሊዝኛውን ሁሉ ማንበብ ለማልችለው ለኔ የሚሰጠኝ ለምን ነበር? ማንበብ የሚችሉት ፊደል ለቃሚዎች ያሰቡትን ፊደል ይተክላሉ፤ እኔ ያየሁትን ነበር የምተክለው። ከእርሳስ ፊደሎቹ ሳጥን ውስጥ አንድ ፊደል ቢያልቅብኝ በግምት ሌላ አልተክልም። የማልፈልገውን አንድ ፊደል አነሳና እግሩን ወደ ላይ አድርጌ ዘቅዝቄ እተክለዋለሁ። ሲታተም መልኩ አይወጣም፣ እግሩ ነው የሚወጣው፤ ሁለት ጥቁር ጭረት፣ አንዱ ባንዱ ላይ። እዚህ ጋ የጎደለ አለ፣ ሳትሞሉ እንዳታትሙ ማለት ነው። አንቺ ከሳጥኖቹ ሥር የወደቁ ነጥቦችን እየለቀምሽ ስታድጊ ይህን ከፊደል ቆጠራ በፊት ነው ያወቅሽው። ነጥቤ ያልኩሽም ለዚያ ነው።

መምህሩ ስለ እርሳስ ፊደል መጻፍ ሰልችቶታል መሰለኝ፣ ወረቀት አለቀ ይላል። ምን እንደምትሠሪ፣ የት እንደምትተኚ፣ ማን እንደሚያዝሽ ጻፊልኝ።

ዋስሽ፣ አያትሽ

---

ጥቅምት 17 ቀን

ለአባባ

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጠነከረ ይሁንልኝ። ደብዳቤዎን ሳነበው ከፊቴ ቆመው የሚቆጡኝ መሰለኝ፣ ደስ አለኝ። ጉልበትዎን አልጠየቅሁም።

እኔ ደህና ነኝ። ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው፤ ሦስት ፎቅ ሆኖ በየፎቁ ሁለት ሁለት ክፍል። ያለሁት ከሽማግሌ ሊቅና ከእህታቸው ጋር ነው። እህትየዋን እመቤቲቱ እላታለሁ፤ የቤቱ ቁልፍ ሁሉ ወገቧ ላይ ነው፣ ከመምጣቷ በፊት ኮቴዋን ሳይሆን ቁልፏን ነው የምሰማው። የምሠራው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ሁሉ መሳቢያ ነው፤ መሳቢያው ሁሉ የመዳፍ ስፋት ባላቸው ካርዶች የተሞላ ነው። መስኮቱ ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ይተያያል። የዝናብ ቧንቧ አለ፤ አንዳንዴ ወፍ ያርፍበታል።

ሥራው ይገርምዎታል። ሊቁ የሚሰበስቡት የድሮ እንግሊዝኛ ቃላትን ነው፤ ሁሉንም ግን አይደለም። መልካቸው ከዛሬዎቹ ጋር አንድ የሆነውን፣ ትርጉማቸው ግን የተለየውን ብቻ። ሰውን አውቀዋለሁ ብሎ የሚያልፈው ቃል ከማያውቀው ቃል ይልቅ ያሳስተዋል ይላሉ። ለምሳሌ ናይስ ዛሬ መልካም ማለት ነው፣ ድሮ ግን ጅል ነበር። ገርል ዛሬ ሴት ልጅ ነው፣ ድሮ ወንዱንም ገርል ይሉት ነበር። ከሁሉም የገረመኝ ሌት ነው። ዛሬ ፍቀድ፣ ይለፍ ማለት ነው። ድሮ ደግሞ ሌላ ሌት ነበር፤ ከልክል፣ መንገድ ዝጋ ማለት። ሁለቱ ከአንድ እናት የተወለዱ እንኳ አይደሉም፤ በዘመን ብዛት ነው መልካቸው አንድ የሆነው።

እኔ ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ካርድ ላይ እጽፋለሁ፤ ያሉትን እንጂ ያሰብኩትን አልጽፍም። የተዘቀዘቀውን ፊደል እንዴት እረሳዋለሁ?

የምንጽፈው ሁሉ በአገናኙ ቢሮ በኩል ነው የሚሄደው። እዚህ ያለው ቢሮ ቋንቋችንን የሚያውቅ ጸሐፊ አለው፤ ሲወጣም ሲገባም አይቶ ያሽገዋል። ደንብ ነው አሉኝ።

ጣሪያው ያፈሳል? ክፍሎቹ ደህና ናቸው?

ነጥብ

---

ኅዳር 12 ቀን

ለነጥቤ

እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ። ደብዳቤሽን መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፤ ሁለተኛው ለሱ ነው፣ ለኔ አንዱ ይበቃኝ ነበር።

ወንዱን ልጅ ገርል ይሉት ነበር ያልሽውን ለፀጉር ቆራጩ ነገርኩት። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ረዳቱን የሚጠራው እንዲያ ነው፤ ረዳቱም ይኸው ጢሙን ማሳደግ ጀምሯል። በናይስ ግን አልተገረምኩም። በሕይወቴ መልካም ሰው ነው የተባለልኝ ሁሉ ጅል ነው ተብሎም ነበር።

በሌት ነው የተናደድኩት። ሦስት ፊደል ናት። ሺህ ጊዜ ተክያታለሁ። በሩን ስትከፍት ትሁን ስትዘጋ የነገረኝ የለም። ስንቱን ገጽ ከፍቼ ስንቱን ዘግቼው ይሆን? መምህሩ አንተን አይመለከትህም፣ አንተ ያየኸውን ተከልክ አለኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ እኔን እውነቱ ሳይሆን እሱ መናገሩ ነው የከነከነኝ።

እንግዲህ ሥራውን በርትተሽ ጨርሺ። ጣቴ ወረቀቱ ላይ ነው። እኛ ዘር ውስጥ ገጽ ጀምሮ ጥሎ የሄደ ሰው የለም። ታውቂያለሽ፣ የተለቀመ ገጽ በገመድ ዙሪያውን ይታሰራል፤ ታትሞ እስኪያልቅ አይፈታም። ገመዱም ይፈታል እንጂ አይቆረጥም፣ ለሌላ ገጽ ይሆናላ። እኔ ገመድ የቆረጥኩት በዕድሜዬ አንድ ቀን ነው፤ ማተሚያ ቤቱ የተዘጋ ቀን። አጠገቤ ነበርሽ። ለምን ቆረጥከው ስትይኝ፣ ይህን ገጽ ከእንግዲህ ማንም እንዳያስረው ብዬሻለሁ። ከዚያ ቀን በቀር ግን የታሰረ ይታተማል።

ፎቶግራፍሽን ላኪልኝ። ጣሪያው ያፈሳል፤ ከሥሩ ባልዲ አለ። ክፍሎቹ የት ይሄዳሉ?

ዋስሽ

---

ጥር 28 ቀን

ለአባባ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ሥራ በዝቶ ነው =። ሥራው ጥሩ ነው =። እመቤቲቱ ታከብረኛለች =። ምግብ ሞልቷል።

ስለ ምግብ ካነሳሁ አንድ ቃል ልንገርዎ። ስታርቭ ዛሬ በረሃብ መሞት ነው። ድሮ ግን መሞት ብቻ ነበር፣ በምንም ይሁን በምን። ድሮ ሰው ጠግቦ ስታርቭ ሊያደርግ ይችል ነበር።

የውጭውን በር እመቤቲቱ ትቆልፈዋለች፤ ሊቁ እየወጡ መንገድ ስለሚጠፋባቸው ነው። እኔን አይከብደኝም =። ሐሙስ ሐሙስ ካርድ የሚሆን ወረቀት ልገዛ እወጣለሁ፤ ሱቁ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ገዝቼ እመለሳለሁ።

ሥራው መቼ ያልቃል ብዬ ሊቁን ስጠይቃቸው ሁልጊዜ ፕረዘንትሊ ይሉኛል። ይህም ካርዱ አለው። ዛሬ ትንሽ ቆይቶ ማለት ነው፤ ድሮ ግን አሁኑኑ ነበር። እሳቸው የትኛውን እንደሚናገሩ አላወቅሁም።

ፎቶ የሚያነሳኝ ሰው አላገኘሁም። ደህና ነኝ =።

ባልዲው ይሞላል? ክፍሎቹን የጠየቀ ሰው አለ?

ነጥብ

---

የካቲት 15 ቀን

ለነጥቤ

ፀሐይ ካለበት ያውልሽ። ዘጠና ቀን ጠብቄ የመጣው ደብዳቤ አንድ ትንፋሽ አልፈጀም። መምህሩ በግማሽ ብርጭቆ ሻይ ጨረሰው። ወረቀት ተወዶ ነው? አንቺ እኮ ወረቀት የምትገዢ ሰው ነሽ።

ደህና መሆንሽን፣ መከበርሽን፣ መጥገብሽን ሰምቻለሁ፤ ለሰፈሩም አሰምቻለሁ። ፀጉር ቆራጩ፣ ያንተ ልጅ ሊቅ ሆነች አይደል፣ ሲለኝ፣ ዘሯ ነው አልኩት። ዘርህማ ፊደል አይለይም አለኝ። ፊደል ስለይ ነው የኖርኩት፣ ያልለየሁት ወሬውን ነው ብዬው ፀጉሬ በግማሹ እንደተቆረጠ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ አስጨረስኩት፤ እስከዚያ ባርኔጣ አድርጌ ነበር።

ፕረዘንትሊ ያልሽው የኛም ባለቤት ቃል ነበር፤ በኛ ቋንቋ ነበር የሚለው እንጂ። ታገሺ።

ስለ ክፍሎቹ አታስቢ። እንዳንቺ ስለ ክፍል የሚጠይቅ የቤት ሻጭ ብቻ ነው።

ፎቶ ካልተቻለ ይቅር። እጅሽን ወረቀት ላይ አሳርፊና ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሪ። እሱን ላኪልኝ። ለዚህ ፎቶ አንሺ አያስፈልግም።

ዋስሽ

---

መጋቢት 30 ቀን

ለአባባ

እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ፊደል የመጨረሻ ካርድ ጻፍኩ። ሊቁ ካርዱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩትና ፈገግ አሉ። በማግስቱ ስገባ መሳቢያዎቹን ሁሉ ወለሉ ላይ ገልብጠዋቸው አገኘኋቸው። ከመጀመሪያው ፊደል እንጀምር አሉኝ። የጻፍኩትን ካርድ እያነሱ፣ ይህን ማን ጻፈው፣ የሚያምር እጅ ነው ይሉኛል።

መርሳት ጀምረዋል። እመቤቲቱን ጠየቅኋት። ውሉ ላይ ሥራው አልቋል የሚሉት እሳቸው እንደሆኑ ተጽፏል፤ እሳቸው ደግሞ አላለቀም ብለዋል አለችኝ። ለሷ ካርዱ ምኗም አይደለም፤ ከወንድሟ ጋር የሚቀመጥ ሰው ነው የፈለገችው።

ስለዚህ እቆያለሁ =። ደስ ብሎኝ ነው የምቆየው =። እርስዎ እንዳሉት የታሰረ ይታተማል =።

እጄን በሚቀጥለው እልካለሁ። ክፍሎቹ ደህና ናቸው?

ነጥብ

---

ሚያዝያ 19 ቀን

ለነጥቤ

ብርታት ይስጥሽ። መምህሩ ይህን ደብዳቤ አለስልሰን እንጻፍ ብሎኛል፤ እኔ እንዳልኩት ጻፍ ብዬዋለሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አንቺ ሳትቸኩዪ ነው የፈሰሰብሽ፤ መልቀሙ ግን ያው ነው። እኔ አንድ መጽሐፍ ሙሉ ለቅሜ ሳጥኑ ተገልብጦ ከመጀመሪያው ጀምሬ አውቃለሁ። ያኔ አላለቀስኩም። የተዘበራረቀውን ስለይ ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ባለቤቱም አመሰገነኝ ማለት ይቻላል፣ አልሰደበኝም።

ሽማግሌው ቢረሱ አንቺ አትርሺ። ደስ ብሎኝ ነው ያልሽው ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ጣቴን ስነክር ያወቅሁት ይህንን ነው፤ የኛ ሰው ጀምሮ አይተውም።

እጅሽን አልላክሽም። ሁለተኛ መጠየቄ ነው፤ ሦስተኛ አልጠይቅም።

ዋስሽ

---

ሰኔ 1 ቀን

ለአባባ

ደህና ነኝ =። ሥራው እየሄደ ነው =። በሩን ለምጄዋለሁ =። የምነግርዎ አዲስ ነገር የለም =። ስለ እኔ አያስቡ =። ክፍሎቹን ይጠብቁ።

እጄ ከታች አለ።

ነጥብ

---

ሰኔ 27 ቀን፤ የማይላክ

ነጥቤ

ይህ ደብዳቤ አይደርስሽም። እዚያ ያለው ጸሐፊ ካየው አያሳልፈውም። ታዲያ ለምን ታጽፈኛለህ አለኝ መምህሩ። ውስጤ ከሚቀር ወረቀት ላይ ይቅር አልኩት።

ሰኞ ደብዳቤሽ መጣ። መምህሩ አነበበልኝ፤ ጀመረ ስል ጨረሰ። እጇን ሥላዋለች አለኝ። ስጠኝ አልኩት። መዳፌን መዳፍሽ ላይ ላሳርፍ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። እንደ ልማዴ ወረቀቱን ገልብጬ ያዝኩት፤ ለቃሚ ገጹን ተገልብጦ ነው የሚያየው። እጅሽ ከእጄ ውስጥ ገባና ዙሪያው ባዶ ተረፈ። ስትሄጂ እንዲህ አልነበረም፤ የእርሳስ ሳጥን ታነሺ የነበርሽ ልጅ ነሽ። እሱን እያየሁ ሳለ ከጣቶችሽ አጠገብ እግሮቹን አየኋቸው። ሁለት ጥቁር ጭረት፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ቆጠርኩ። በዚያች ቁራጭ ደብዳቤ አምስት።

መምህሩን ይህ ምንድን ነው አልኩት። የዓረፍተ ነገር መዝጊያ ጌጥ መስሎኝ ነበር አለኝ።

ከመቼ ጀምሮ?

ከጥር ጀምሮ አለ።

እግሩ እንዴት እንደሚታተም በመስከረም በገዛ እጁ ጽፎታል። ግን ጻፈ እንጂ አልሰማም። ልቆጣው ብዬ ተውኩት። እኔስ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የማላውቀውን ስተክል አልነበረም? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለኔ ነው። ደብዳቤሽን በጆሮዬ ሳነብ ኖርኩ፤ አንቺ የጻፍሽልኝ ለዓይኔ ነበር።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ከሳጥን አውጥቼ እንደገና አስነበብኩት። ጭረት በደረሰ ቁጥር ጎደለ በል አልኩት። ሥራው ጥሩ ነው፣ ጎደለ። እመቤቲቱ ታከብረኛለች፣ ጎደለ። እኔን አይከብደኝም፣ ጎደለ። ደስ ብሎኝ ነው የምቆየው፣ ጎደለ። እዚያ ሲደርስ ወረቀቱን አስቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት፤ እኔም ጠጣሁ።

በጥቅምት የላክሽው ደህና ነኝ እና የሰኔው ደህና ነኝ መልካቸው አንድ ነው አሉ። ለሊቁ ይህንንም ካርድ ጻፊላቸው።

ከዚያ አንድ ነገር ታየኝ። ያልተዘቀዘቀው ምንድን ነው አልኩት። ፈልጎ ፈልጎ፣ ክፍሎቹን የጠየቀችበት ቦታ ላይ አንድም ቀን ጭረት የለም አለኝ። ጣሪያው ያፈሳል? ክፍሎቹ ደህና ናቸው? የጠየቀ ሰው አለ? ክፍሎቹን ይጠብቁ። ሐሙስ ሐሙስ ትወጫለሽ። ሁለት መንገድ ትሻገሪያለሽ። ወረቀት ገዝተሽ ትመለሻለሽ። የያዘሽ የሴትዮዋ ቁልፍ ቢሆን ኖሮ ሐሙስ ዕለት ማን ይይዝሽ ነበር? ያሰርኩሽ እኔ ነኝ። አስሬሽም መች ተውኩሽ፣ በየወሩ አጠበቅሁት። እንዲህ ያለ ቋጠሮ በሥራዬም ቋጥሬ አላውቅ።

ማክሰኞ አገናኙ ዘንድ ሄድኩ፤ መምህሩን ይዤ። የሁለቱን ክፍሎች ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አባት፣ ልጅቷ ሥራዋ ላይ ናት፤ ቤትዎን ማን ጠየቀዎት አለኝ። ትታ ብትወጣ የምትወስደውን ቀድሜ ልስጥህና ወረቀቴን መልስልኝ አልኩት። ያስቡበት አለኝ፤ እጁ ግን ከአፉ ቀድሞ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። መምህሩ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። እዚህ ነጥብ አለ፣ እዚህ ማኅተም አለ፣ እዚህ የቀለም ጠብታ አለ እያለ። ከእንግዲህ ጠብታ አያልፈውም። ዋስትናው ተፈጽሟል፣ ዋሱን ከልጅቱ ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም ተብሎ ተጻፈ። ጣቴን ነከርኩ። አሁንም ፈዞ አልታተመም። የድሮውን ወረቀት እዚያው ፊታቸው ቀደድኩት።

ቤቱን አግኝተዋል፤ አንቺ ሳታውቂ ብትቆዪላቸው ደግሞ ሁለተኛ ትርፍ ነው። ስለዚህ የምልክልሽ ሌላ ነው።

መምህሩ እዚህ ላይ ምን ብዬ ልዝጋ አለኝ። አትዝጋው አልኩት።

---

ሰኔ 27 ቀን

ለነጥቤ

ሰላምታዬ ብዙ ነው። እጅሽ ደርሶኛል፤ ገልብጬ አይቼዋለሁ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ጉልበቴም ደህና ነው። ፀጉር ቆራጩም ደህና ነው።

ፀጉርሽ አድጎ ይሆናል ብዬ ማሰሪያ የሚሆን ገመድ ከዚህ ወረቀት ጋር ልኬልሻለሁ፤ የድሮ የገጽ ማሰሪያ ነው። ቢያጥርብሽ አትቆጪኝ፣ ቆርጬው ነው።

ለሊቁና ለእመቤቲቱ አክብሮቴን አቅርቢ።

አያትሽ

---

ነሐሴ 20 ቀን

ለአባባ

ይህ ደብዳቤ በአገናኙ ቢሮ አላለፈም። በራሴ እጅ ፖስታ ቤት ገብቼ ነው የላክሁት።

ደብዳቤውን ቤት ድረስ ያመጣው የቢሮው ጸሐፊ ገመዱን በእርሳስ ጫፍ አንስቶ አየና ሳቀ፤ አያትሽ ሌላ የሚልኩት አጡ አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ጫፉን ሳየው በቢላ የተቆረጠ ነው። ከታች ደግሞ ዋስሽ አይልም። ከእንግዲህ ማንም እንዳያስረው ብለው የቆረጡበት ቀን ትዝ አለኝ።

ሐሙስን ጠበቅሁ። ኮቴን ለብሼ ሊቁ ዘንድ ገባሁ። ልሂድ ነው አልኳቸው። ካርዳቸውን እያዩ፣ ፕረዘንትሊ አሉኝ። የድሮውን ትርጉም ያዝኩ። እመቤቲቱ በሩን ከፈተችልኝ፤ ሁለቱን መንገድ ተሻገርኩ፤ ወረቀቱን ገዛሁና ወደ ቤቱ አድርሱላቸው ብዬ ለባለ ሱቁ ተውኩት። ከዚያ ሦስተኛውን መንገድ ተሻገርኩ። ዓመት ሙሉ ከሱቁ ደጃፍ ሳየው ነበር፤ ወዲያ ማዶ ያለው የጫማ ሰፊ ቤት መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

አሁን የምሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል አለን፤ አንዷ በእንቅልፏ ትዘፍናለች። እጄ በውሃ ተላልጧል፤ ደህና ነኝ።

ሊቁ ያሳዝኑኛል። ካርዶቹን እያነሱ ይህን ማን ጻፈው ሲሉ የሚመልስላቸው የለም።

አንድ ነገር ብቻ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ገመዱ ከተቆረጠ ክፍሎቹ ሄደዋል ማለት ነው። አሁን የት እንደሚያድሩ =።

ነጥብ

---

ጳጉሜን 3 ቀን

ለነጥቤ

የተሻገርሽው መንገድ ይስፋልሽ።

ደብዳቤሽ ሲመጣ መምህሩ እጁን ዘረጋ። ቆይ አልኩት። መጀመሪያ እኔ ነኝ የማየው። ወደ መስኮቱ ወስጄ ገለበጥኩት። ከላይ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር፣ በጣቴ ሄድኩበት። አልነበረም። አልነበረም። ከግርጌው አንድ አገኘሁ። ጣቴን እላዩ ላይ አሳርፌ፣ አሁን አንብብልኝ፣ እዚህ ስትደርስ ግን ቀስ በል አልኩት።

ልብስ ማጠቢያ ቤት ሥራ ነው። የምትዘፍነዋን ሴት ዜማውን እንድትቀይር ንገሪያት። ሊቁን እኔም አዘንኩላቸው፤ ዓመት ሙሉ የአንድ ልጅ ደብዳቤ አጠገቤ አስቀምጬ ምን እንደጻፈችልኝ ያላወቅሁ እኔም ነኝ።

የጎደለውን ደግሞ ልሙላ።

የማድረው መምህሩ ቤት ነው፣ የኋላዋ ክፍል። መጻሕፍቱን ወደ አንድ ጥግ ገፍቶ አልጋ አስገባልኝ። የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን ሳጥን ብቻ ነው ይዤ የወጣሁት፤ ከአልጋዬ ሥር ነው። ጣሪያው አያፈስም፤ ባልዲው ሥራ ፈትቶ ደጅ ተቀምጧል። አንኮራፋለሁ ይላል መምህሩ። እሱ ደግሞ ሲያነብ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እንዲህ ስንቻቻል እናመሻለን። መስኮቷ ወደ መንገድ ነው፤ ፖስታ አመላላሹ ሲመጣ ከመምህሩ በፊት አየዋለሁ።

የት እንደማድር ይኸው ነገርኩሽ። ያንን ፊደል አሁን አቅኚው።

አያትሽ